ከእድሳት በኋላ የሚያስቸግር የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

አዲስ ዕቃ በሳምንት አያረጅም። እድሳቱ እንዳለቀ የሚታይ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሥራው ነው፦ ቧንቧ ውስጥ ከቀረ ቁርጥራጭ፣ ከፍ ካለ ወለል ወይም ያለ ቦታው ከተቀመጠ ጎማ። ስለዚህ ሴራሚክ ከመስበራችሁ በፊት በእድሳቱ የተነካው የትኛው ክፍል እንደሆነ ለዩ። ብዙው ግድግዳ ሳይነካ ይስተካከላል።

ውሃው ቀጥኗል

የቀጠነው በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ በቧንቧው አፍ ወይም በሻወሩ ራስ ላይ ያለውን ወንፊት ፍቱት። አሸዋ፣ የፕላስቲክ ፍቅፋቂና የቴፍሎን ብጣሽ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ያለ ወንፊቱ በኃይል ከወረደ አጥባችሁ መልሱት።

ለውጥ ከሌለ ከሥር ያለውን አንግል ቫልቭ (ትንሹን የውሃ መዝጊያ) ዝጉ፣ ፍሌክሲብሉን (ተጣጣፊውን ማገናኛ ቱቦ) ከሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛ ከሚቀላቅለው ቧንቧ) በኩል ፍቱና ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ባልዲው ውስጥ በኃይል ከወረደ እንቅፋቱ የሚክሰሩ ካርትሪጅ (በውስጡ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ነው፤ አውጥታችሁ እጠቡት። ባልዲውም ውስጥ ከቀጠነ ፍሌክሲብሉ መታጠፉን፣ ቀጥሎም ቫልቩን ራሱን እዩ። የቀጠነው ሙቁ ብቻ ከሆነና በሁሉም ቦታ ከሆነ የማሞቂያው መግቢያ ቫልቭ በግማሽ ተከፍቶ እንዳይሆን።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካልተገኘ የፒፒአር (በሙቀት የሚጣበቅ የፕላስቲክ ቧንቧ) መገጣጠሚያ ተጠርጣሪ ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ መሞቅ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ወይም ከልኩ አልፎ ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ይህን ማጠብ አያድነውም፤ መገጣጠሚያው ተቆርጦ እንደገና ይሠራል።

በሽንት ቤት መቀመጫው ሥር ውሃ ይታያል

መጀመሪያ ዙሪያውን አድርቁ። ታንከሩ ሳይለቀቅ እርጥበቱ ከተመለሰ ምንጩ ፍሌክሲብሉ ወይም የታንከሩ ብሎኖች ናቸው፤ በደረቅ ሶፍት እየነካካችሁ አግኙት። ውሃ ሲለቀቅ ብቻ ከመጣ ግን ማሸጊያው፣ ማለትም በመቀመጫውና በፍሳሹ ቧንቧ መካከል ያለው የሰም ቀለበት፣ አልያዘም። አዲስ ሴራሚክ በአሮጌው ላይ ሲነጠፍ ወለሉ ከፍ ይልና የፍሳሹ ቧንቧ አንገት ጎድጉዶ ይቀራል፤ የሰም ቀለበቱም አይደርስበትም።

መቀመጫውን አንሱ፣ አንገቱን በማራዘሚያ ቀለበት ከወለሉ በላይ አምጡትና አዲስ ሰም ተጠቀሙ። አንዴ የተጨፈለቀ ሰም ተመልሶ አያሽግም። ብሎኖቹን በየተራ ግማሽ ዙር እያላችሁ አጥብቁ፤ በአንድ በኩል ብቻ ማጥበቅ ሸክላውን ይሰነጥቃል። መቀመጫው ከተወዛወዘ ብሎኑን ይበልጥ በማጥበቅ ሳይሆን ከሥሩ ሽብልቅ በማስገባት ይርጋ። ዙሪያውን በሲሊኮን ስታሽጉ ከኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ወደፊት የሚያፈስ ውሃ ሳይታይ ወለሉን ያበሰብሳል።

ሽታ አለ

ሽታን የሚያግደው በሲፎን (በፍሳሹ ቧንቧ መታጠፊያ) ውስጥ የሚቆመው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ነው። በወለሉ መውረጃ አንድ ሊትር ውሃ አፍስሱ። ሽታው ጠፍቶ ከቀናት በኋላ ከተመለሰ ሲፎኑ ይደርቃል፤ አልፎ አልፎ ውሃ መጨመር ይበቃል። ሌላ ቦታ ውሃ ሲለቀቅ እየተንቋቋ ሽታው ወዲያው ከተመለሰ የአየር መተንፈሻው ቧንቧ ተዘግቷል ወይም ከነጭራሹ አልተሠራም፤ ውሃውን እየሳበ የሚወስደው ያ ነው። ማፍሰሱ ምንም ካልለወጠ የሰም ቀለበቱንና የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ግድግዳ የሚገባበትን ጎማ መርምሩ።

ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል

የሴራሚክ ማጣበቂያና የስንጥቅ መሙያ ታጥቦ ወደ መውረጃው ገብቶ ይደርቃል። የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ሲሚንቶ አያሟሟምና አታፍስሱ። ሲፎኑን ፈትታችሁ በእጅ አጽዱ። ንጹሕ ሆኖም ከዘገየ ዝቅዝቅታውን ለኩ፦ ለ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል።

ግድግዳው ወይም የታችኛው ቤት ጣሪያ ረጥቧል

እዚህ ላይ በግምት መስበር ብዙ ያስከፍላል፤ በቅደም ተከተል ፈትሹ። ሁሉንም ቧንቧና የታንከሩን ቫልቭ ዝጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስሰው የንጹሕ ውሃ መስመር ነው። የማሞቂያውን መግቢያ ዘግታችሁ ድገሙት፤ ያኔ ከቆመ የሙቁ መስመር ነው።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ የሻወሩን መውረጃ ድፈኑ፣ ከሻወሩ መግቢያ ጠርዝ ሳያልፍ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሙሉ፣ ከፍታውን ምልክት አድርጉበትና 24 ሰዓት ተዉት። በግልጽ ከጎደለና ከታች እርጥበቱ ከጨመረ የወለሉ ውሃ መከላከያ ወይም ከመውረጃው ጋር የሚገናኝበት ቀለበት አልያዘም። ውሃው እንዳለ ቆይቶ ድፋኑ ሲነሣ ከታች ከረጠበ የፍሳሽ ቧንቧው ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ውሃው የሚገባው ከግድግዳው በኩል ነው፦ በሚክሰሩ ሽፋን ዙሪያና ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት ማዕዘን። በማዕዘኑ ያለውን የተሰነጠቀ መሙያ ፍቃችሁ አውጡ፣ አድርቁ፣ በሲሊኮን ዝጉና እስኪደርቅ 24 ሰዓት ሻወር አትክፈቱ።