የጊታር አናት ላይ ሐረግ መቅረጽ

የብረት ክር የተወጠረበት ጊታር አንገቱን በድምሩ ወደ 70 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይጎትተዋል፤ ናይለን ክር ከሆነ ወደ 40 ኪሎ ይወርዳል። መቃኛዎቹ በሚገጠሙበት አናት ላይ የሚወጣ ማንኛውም ጌጥ ይህን ጭነት ማክበር አለበት። ስለዚህ መሮን በቀጥታ የአንገቱ እንጨት ላይ ማሳረፍ አንመክርም። አናቱን እስከ 11 ሚሊ አሳስታችሁ ፊቱ ላይ 4 ሚሊ ውፍረት ያለው ገበታ ለጥፉና ሐረጉን፣ ማለትም የተጠላለፈውን ጌጥ፣ እዚያ ላይ አውጡት። ጠቅላላው 15 ሚሊ ይመጣል፤ ለመቃኛዎቹም የሚስማማ ውፍረት ነው። የሚቀረጸው ጥልቀት ከ2 ሚሊ ካላለፈ የአንገቱ ጅማት አንድም ቦታ አይቆረጥም። ጅማት የምንለው በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደውን መስመር ነው።

ለገበታው ዋንዛና ወይራ ይመረጣሉ። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ለጀማሪም ለጥልቅ ቅርጽም ይስማማል። ወይራ ጠንካራና ድፍን ስለሆነ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር ሳይቀር ይይዛል፤ ነገር ግን በጣም ሲደርቅ እየተፈነጠረ ይሰበራል፣ ስለቱንም ቶሎ ያደነዝዛል። ጥድ ሽታው ቢያምርም በጅማቱ ይሰነጠቃል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ይጣመማል። ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። የምትፈልጉት 20 በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ደሴም ኮምቦልቻም በርና አልጋ ከሚሠሩ ቤቶች የሚተርፈው ቁራጭ ይበቃል። ከተሰባበረ አሮጌ ሳጥን የሚገኝ ዋንዛ ከአዲሱ ይሻላል፤ መድረቁን ጨርሷል። የወይራውን ፍቅፋቂ አትጣሉት፤ ለእንስራ ማጠኛ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።

ድርቀቱ ላይ መቸኮል ብዙ ሥራ ያበላሻል። ደሴ ላይ በክረምት ጉም ውስጥ የከረመ እንጨት ባቲ ወይም ቆቦ ሲወርድ በወርዱ ይሟሽሻል፤ ገበታውና አናቱ እኩል ካልደረቁም አንዱ ሌላውን ይጎትትና ጠርዙ ይነሳል ወይም መሃሉ ይተረተራል። ገበታውን መጀመሪያ 6 ሚሊ አድርጋችሁ ሰንጥቁት፤ አየር በሁለቱም ፊት እንዲያገኘው በቀጫጭን እንጨቶች ላይ አስቀምጡትና በየሳምንቱ ግራም በሚያሳይ ትንሽ ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ካልተለወጠ ወደ 4 ሚሊ አውርዱት።

ስትለጥፉ የገበታው ጅማት ከአናቱ ጅማት ጋር በርዝመት ይሂድ። ነጭ ኮላ በሁለቱም ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ኮላ ሲቀባ ገበታው ስለሚንሸራተት ሁለት ሦስት ቅንጣት ደረቅ ጨው ጣል አድርጉበት፤ ቅንጣቶቹ እንጨቱን ነክሰው ይይዙታል። ከላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፋችሁ በአራት ማጥበቂያ አስሩና 24 ሰዓት ተዉት። ከኅዳር እስከ ጥር የደጋ ሌሊት ይከብዳል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ኮላው እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይደርቃል እንጂ አይዝም። በዚያ ወቅት ሥራውን ወደ ቤት አስገቡ።

አሁን ጌጡ የት ማረፍ እንደሚችል ለዩ። ርዝመቱ 185፣ የታች ወርዱ 60፣ የላይ ወርዱ 78 ሚሊ የሆነ፣ በየጎኑ ሦስት መቃኛ ያለው አናት እንውሰድ። ቀዳዳዎቹ 10 ሚሊ ናቸው፤ መሃላቸው ከጠርዙ 12 ሚሊ ይርቃል። የመቃኛው ቀለበት 14 ሚሊ ገደማ ይሸፍናል። በዙሪያው 3 ሚሊ ጨምሩና በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ 20 ሚሊ ክብ አስምሩ። እዚያ ውስጥ ምንም አይቀረጽ፤ ቀለበቱ ሲጠብቅ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ይደፈጥጠዋልና። ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት በላይ ያለውን 20 ሚሊም ሳትነኩ እለፉት። አናቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ጅማቱ እዚያ ጋ አጭር ነው፤ የወደቀ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረውም በዚሁ ቦታ ነው። ከጠርዙ ደግሞ 4 ሚሊ ተዉ።

የተረፈው በታችኛው ጫፍ ወደ 16 ሚሊ፣ በላይኛው ወደ 34 ሚሊ የሚሰፋ መስክ ነው፤ ከመቃኛዎቹ በላይ ያለው ጉልላትም አለ። ይህ ቅርጽ ለሐረግ የተመቸ ነው፦ ከታች በሁለት ዘለላ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይነሳል፣ ወደ ላይ አራት ሆኖ ይከፈታል፣ ጉልላቱ ላይ ይቋጠራል። የዘለላው ወርድ ከ4 ሚሊ፣ በመካከል የሚጎደጎደው ክፍተት ከ2 ሚሊ አይነስ።

ለንድፍ ሩቅ መሄድ አያሻም። ላሊበላ ቤተ ማርያም ቅስቶችና ጣሪያ ላይ ያለው ጥልፍልፍ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ የእንጨት ጣሪያ ጌጥ፣ የብራና መጻሕፍት ሐረግ ሁሉ በእጅ የሚያዝ ትምህርት ናቸው። አፍሮ አይገባ የሚባለውን የላሊበላ መስቀል ለመቅረጽ የሚመኝ ብዙ ነው። ከቻላችሁ ዙሪያውን የከበቡትን ትናንሽ ጫፎች ፈልቅቃችሁ አታውጡ፤ በእንጨት ላይ ጅማታቸው አጭር ስለሚሆን በጨርቅ ሲወለወሉ እንኳ ይረግፋሉ። ከመስኩ ሳይለዩ ዙሪያቸውን ብቻ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። መስቀል መግባት አለመግባቱን ግን ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ክርስቲያንም ሙስሊምም ይኖራል፤ ጊታሩም ከወንድም ወደ እህት ይተላለፋል። ጥልፍልፉ ብቻውን ለሁሉም ይሆናል።

ንድፉን በትክክለኛ ልኩ ወረቀት ላይ ሥሩ። ዘለላዎቹ ሲሻገሩ አንዱ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች፣ ቀጥሎ ከላይ እያለ መሄድ አለበት፤ በየመሻገሪያው ምልክት አድርጉ። አንዱ መሻገሪያ ከተሳሳተ ሐረጉ መጨረሻው ላይ አይዘጋም፣ ስሕተቱም የሚታወቀው ግማሹ ከተቀረጸ በኋላ ነው። ከዚያ በካርቦን ወረቀት ገልብጡት። የመቃኛ ቀዳዳዎቹን ከመቅረጻችሁ በፊት በትራፓኖ ብሱ፤ ከሥር ቁራጭ ጣውላ ካልተደገፈ ጀርባው ይፈነጠራል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ አጭር ሹል ቢላዋ፣ 3 እና 6 ሚሊ ጠፍጣፋ መሮ፣ 5 ሚሊ ጎድጓዳ መሮ፣ መሳያ ድንጋይና ቆዳ። መሮው በበቂ መሳሉን ለማወቅ የዋንዛን ጫፍ ከጅማቱ ጋር አግድም ቁረጡ፤ የተቆረጠው ፊት አንጸባርቆ ከታየ ጥሩ ነው። ነጭ ጭረት ከተወ ወይም ከሸረከተ መልሳችሁ ሳሉ። ዋንዛ ስትቀርጹ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ወይራ ላይ በየአሥር ደቂቃው ቆዳው ላይ ማፋተግ ያስፈልጋል።

አናቱን ሞርሳ ላይ በጨርቅ አስይዛችሁ መጀመሪያ የዘለላዎቹን ጠርዝ በሙሉ በቢላዋ ቁረጡት። የቢላዋውን ጫፍ ትንሽ ወደ ክፍተቱ አዘንብሉ፤ የዘለላው ግድግዳ ከታች ሰፋ ብሎ እንዲቆም። በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ አትውረዱ። ግማሽ ሚሊ ቁረጡ፣ ክፍተቱን በ3 ሚሊ መሮ አንሱ፣ ተመልሳችሁ ቁረጡ። የቢላዋ ስለት ሽብልቅ ነው፤ ሥሩ ያለው እንጨት ሳይነሳ በኃይል ሲገባ ወደ ጎን ይገፋል፣ 4 ሚሊ የሆነው ዘለላም በጅማቱ ይፈለጣል። በተለይ ጅማቱን አግድመው የሚያልፉት ዘለላዎች ላይ እጃችሁ ይቅለል።

የክፍተቶቹ መሬት 2 ሚሊ ዝቅ ብሎ ሲስተካከል ሐረጉን ሕያው ወደሚያደርገው ሥራ ትደርሳላችሁ። አንድ መሻገሪያ ላይ አተኩሩ። ከላይ የሚያልፈውን ዘለላ ሁለት ጠርዝ 1 ሚሊ ያህል ቁረጡት። ከሥር የሚገባውን ዘለላ ከ6 ሚሊ ርቀት ጀምራችሁ በ6 ሚሊው መሮ ቀስ እያላችሁ አውርዱት፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ 1 ሚሊ ጠልቆ ይግባ። በሌላው ወገን እንዲሁ አድርጋችሁ አውጡት። ቁልቁለቱ ቀስ ያለ ከሆነ ዐይን ዘለላው ተሸሽጎ እንደሄደ ያምናል፤ በድንገት ከወረደ የተሰበረ ደረጃ ይመስላል። መሮው ሲሸረክትባችሁ ከጅማቱ በተቃራኒ እየሄዳችሁ ነውና አቅጣጫ ቀይሩ። በሚጠመዘዝ ዘለላ ላይ ደግሞ አቅጣጫው በየግማሽ ክቡ ይለዋወጣል። መጨረሻ ላይ የላይኛውን ጠርዝ በቢላዋ ለስለስ አድርጉት።

ቁራጭ ከተፈነጠረ ወዲያው ፈልጋችሁ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ኮላ ነክታችሁ መልሱት፤ በራሱ ስብራት ላይ ሲገጥም አይታወቅም። የእንጨት ዱቄት ከኮላ ጋር ለውሶ መሙላት ግን ዘይት ሲነካው ጠቁሮ ይወጣል። ቁራጩ ከጠፋ ዘለላውን እዚያ ጋ ትንሽ አቅጥኑትና ሌላኛውንም ወገን አስተካክሉት።

የብርጭቆ ወረቀት በቅርጹ ላይ አታብዙ፤ የመሮውን ስለታም ጠርዝ ያጠፋዋል። ጠፍጣፋውን ክፍል በ180 ከዚያም በ240 ቁጥር ወረቀት አለስልሱ፤ ሐረጉን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ለቅብ የተልባ ዘይት ይበቃል። በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን በጨርቅ ጫፍ አንሱ። ካልተነሳ ተጣብቆ ይቀራል፣ አቧራም ይሰበስባል። ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ በየመካከሉ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በክረምት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ያስነሳል፤ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ክተቱት።

ዘይቱ ከደረቀ በኋላ መቃኛዎቹን ግጠሙ። ለብሎኖቻቸው በቀጭን ፑንታ ቀዳዳ ካላዘጋጃችሁ ወይራ ብሎኑን ይሰብረዋል። ክሮቹን በአንድ ጊዜ እስከ ሙሉ ቅኝት አትወጥሩ፤ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት የገበታውን ጠርዝ በጥፍር ዳብሱ፣ ካልተነሳ ወደ ቅኝቱ አምጡት።