በአሳማ ጽንስ ላይ ዝርያንና ፆታን ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእናትን ማህፀን የጽንሱ ዝርያ አድርጎ መቁጠር

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ስለሆነ መጀመሪያ ይነሳ። ላርጅ ዋይት የተባለው የእንግሊዝ ዝርያ ከላርጅ ዋይት፣ ሜይሻን ከሜይሻን ይዳቀላሉ። በ100ኛው የእርግዝና ቀን ጽንሶቹ ሲመዘኑ የሜይሻኖቹ ቀለል ብለው ይገኛሉ። ወዲያው «የሜይሻን ጽንስ በተፈጥሮው እድገቱ ዝግ ያለ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ አባባል ውሃ አያነሳም። ሜይሻን በአንድ ጊዜ ብዙ ግልገል የምትወልድ የቻይና ዝርያ ናት። የሰውነቷ መጠን፣ የማህፀኗ አካባቢ፣ በማህፀኗ ያለው መጨናነቅ፣ ሆርሞኗ ሁሉ ከላርጅ ዋይት ይለያል። ጽንሱም ማህፀኑም አብረው ከተለወጡ፣ ልዩነቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሚዛኑ ሊናገር አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሜይሻንና የዮርክሻየር (የላርጅ ዋይት የቅርብ ዘመድ የሆነ ዝርያ) ሽሎችን በአንድ ማህፀን አብረው ያሳደጉ የሽል ዝውውር ሙከራዎች ነገሩን ለያይተው አሳይተዋል። የጽንሱ ክብደት በተቀበለው ማህፀን ይወሰን ነበር፤ በሜይሻን ማህፀን ያደረ ጽንስ ዝርያው የትኛውም ይሁን ቀለል ይል ነበር። የእንግዴ ልጁ ባሕርይ ግን ከጽንሱ ጋር ይሄድ ነበር። የዮርክሻየር እንግዴ ልጅ በእርግዝናው መጨረሻ ስፋቱን ሲጨምር፣ የሜይሻኑ ትንሽ እንደሆነ ይቆይና የደም ሥሮቹን ያበዛል። አንዱ ባሕርይ የማህፀኑ፣ ሌላው የጽንሱ ነው። በንጹህ ዝርያ ብቻ የተሠራ ጥናት ይህን መቼም አያገኘውም።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሽል ማዛወር ሲሆን ውድ ነው፣ ሙያም ይጠይቃል። ሁለተኛው ግራና ቀኝ ማዳቀል ነው፤ የሀ እናት በለ አባት፣ የለ እናት በሀ አባት። ሦስተኛውና ለብዙዎች የሚቀለው የሁለት ዝርያ ወንዶችን ዘር ቀላቅሎ አንዲትን እናት ማዳቀል ነው። ለምሳሌ ኢቤሪያ የተባለው የስፔን ዝርያ እናት በኢቤሪያና በላርጅ ዋይት ወንድ ድብልቅ ዘር ከተዳቀለች፣ ንጹሁና ዲቃላው ጽንስ በአንድ ማህፀን፣ ከአንድ እናት ደም፣ በአንድ ዓይነት መኖ ያድጋሉ። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኩል ቁጥር ያለው የወንድ ዘር ስለተቀላቀለ ጽንሶቹ ግማሽ በግማሽ ይወጣሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የአንዱ ወንድ ዘር ሌላውን የሚያሸንፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የእያንዳንዱ ጽንስ አባትም በዲኤንኤ መረጋገጥ አለበት። በቆዳ ቀለም ወይም በመልክ መገመት አይቻልም።

ግራና ቀኝ ያዳቀለ ሰው ሌላም ነገር ያስብ። በአንዳንድ ጂኖች የሚሠራው ከአባት ወይም ከእናት የመጣው ቅጂ ብቻ ነው። አይጂኤፍ-2 የተባለው የእድገት ጂን በጽንስ ውስጥ በዋናነት ከአባት የመጣው ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሁለቱ ዲቃላዎች የጂናቸው ቅልቅል በወረቀት ላይ አንድ ቢመስልም በሥራ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታወቀው የዚሁ ጂን ለውጥ የጡንቻ እድገትን የሚያፋፋው ከልደት በኋላ መሆኑን አለማስታወስም የተለመደ ስህተት ነው። በጽንስ ጡንቻ ላይ ያንን ውጤት ጠብቆ ማጣት ሙከራው ከሽፏል ማለት አይደለም።

አንድ ወንድ አሳማን የዝርያ ወኪል ማድረግ

ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ወንድ ብቻ ከተጠቀማችሁ ያነጻጸራችሁት ሁለት ዝርያ ሳይሆን ሁለት ግለሰብ ነው። ከየዝርያው ቢያንስ አራት አምስት፣ በቅርብ የማይዛመዱ ወንዶች ያስፈልጋሉ።

ትንሽ የሆነውን ሁሉ ቀጭጯል ማለት

ክብደት ብቻውን ብዙ ያታልላል። የሜይሻን ግልገል ሲወለድ ትንሽ ነው፤ ግን የበሰለ ነው፣ ቶሎ ይጠባል፣ በሕይወት የመቆየት እድሉም ጥሩ ነው። ለቀይ ሥጋ ብዛት ሲመረጥ የኖረው ዝርያ ግልገል ደግሞ ከብዶ ተወልዶ አንጀቱና የግላይኮጅን (በጉበትና በጡንቻ የሚከማች ስኳር) ክምችቱ ገና ያልበሰለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ የክብደት መስፈርት ለክቶ «ከ1 ኪሎ በታች የሆነ ሁሉ ቀጫጫ ነው» የሚል ሰው የአንዱን ዝርያ ጤነኛ ግልገሎች በሽተኛ አደረጋቸው ማለት ነው።

በማህፀን የተጎዳ ጽንስ የሚታወቀው በአካሉ ሚዛን መዛባት ነው። ምግብና ኦክስጅን ሲያንሰው ደሙን ወደ አንጎሉ ያዞራል፤ ጉበቱ፣ አንጀቱና ጡንቻው ይከስማሉ። ስለዚህ አንጎልንና ጉበትን ለየብቻ መዝኑ። በልደት አካባቢ አንጎሉ ከጉበቱ የሚከብድ ግልገል ተጎድቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ግንባሩ ወደ ፊት ያበጠ፣ ዓይኑ የወጣ መሆኑም ምልክት ነው። ይህም ቢሆን ለየዝርያውና ለየቀኑ የራሱ መነሻ ይበጅለት፤ በ70ኛው ቀን ያለው የአንጎልና የጉበት ሚዛን ከ110ኛው ቀን ጋር አይገናኝም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የጽንስን ክብደት ለእንግዴ ልጁ ክብደት አካፍሎ «ብቃት» ብሎ መጥራት ነው። የማካፈሉ ውጤት በራሱ ከጽንሱ መጠን ጋር ይለዋወጣል፤ በሎጋሪዝም ግንኙነታቸውን መተንተን ይሻላል። እንግዴ ልጁም ፈሳሹ ሳይንጠፈጠፍ ከተመዘነ ቁጥሩ ከንቱ ነው።

ፆታን እንደ ትርፍ ነገር ማየት

ወንድና ሴት ጽንሶችን ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት አሁንም አልቀረም። በክብደት ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ በልደት ወንዱ በጥቂት አስር ግራሞች ይበልጣል። በአንድ እናት ልጆች መካከል ግን ትልቁ የትንሹን እጥፍ ሊመዝን ይችላል። ትንሹ የፆታ ልዩነት በዚህ ሰፊ ልዩነት ውስጥ ይሰጥማል፤ ስለዚህ ፆታን ማነጻጸር ያለባችሁ በዚያው በአንድ እናት ማህፀን ውስጥ ነው። ወንዱ ከብዶ ቢወለድም ከሴቷ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመሞት አዝማሚያ አለው። ክብደትና ብርታት አብረው እንዳልሄዱ እዚህም ይታያል።

በጣም የሚያስቆጣው ግን የትንተናው ስህተት ነው። ሴቶቹ ለብቻ ይተነተናሉ፤ የዝርያ ልዩነት ይወጣል። ወንዶቹ ለብቻ ይተነተናሉ፤ ልዩነቱ አይወጣም። «የዝርያ ተጽዕኖ በሴቶች ብቻ ነው» ተብሎ ይታወጃል። በአንዱ መታየቱና በሌላው አለመታየቱ ሁለቱ ይለያያሉ ማለት አይደለም! የወንዶቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆን ወይም ልኬታቸው ቢበታተን ይኸው ውጤት ይወጣል። ዝርያና ፆታ አንዱ በሌላው ላይ ይሠራሉ ለማለት ሁለቱ በአንድ የስታቲስቲክስ ሞዴል ገብተው የጋራ ተጽዕኖአቸው መፈተን አለበት። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው የእናቶች ቁጥርም ለዝርያ ብቻ ከሚያስፈልገው ይበዛል፤ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ይሰላ።

ከ45ኛው ቀን በኋላ ፆታ በዓይን ይለያል፤ የወንዱ ብልት ከእትብቱ ሥር፣ የሴቷ ከጅራቷ ሥር ነው። ከዚያ በፊት ላለው ጽንስ በዋይ ክሮሞዞም ላይ ያለውን ጂን በዲኤንኤ መፈለግ ይገባል። ከአንዱ ጽንስ ወደ ሌላው ስትሄዱ ምላጩን ቀይሩ፤ የወንድ ደም ጠብታ ሴቷን ወንድ አድርጎ ያስነብባል።

የደም ስኳር ልኬትን ማቅለል

የጽንስ ሜታቦሊዝም ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአሳማ ጽንስ ደም ውስጥ በብዛት ያለው ስኳር ፍሩክቶስ ነው፤ እንግዴ ልጁ ከእናት የመጣውን ግሉኮስ ወደ ፍሩክቶስ ይለውጠዋል። በግሉኮስ ኦክሲዴዝ፣ ማለትም ግሉኮስን ብቻ በሚለይ ኢንዛይም፣ የሚሠራ መለኪያ ይህን ፈጽሞ አያየውም። ግሉኮስ ብቻ ለክቶ «የዚህ ዝርያ ጽንስ ስኳር አጥቷል» ማለት ግማሽ ኪስ ፈትሾ ገንዘብ የለም እንደማለት ነው። ፍሩክቶስም፣ ስኳር ያለ ኦክስጅን ሲፈርስ የሚወጣው ላክቴትም አብረው ይለኩ። በእጅ የሚያዙት መለኪያዎች ደግሞ በቀይ የደም ሴሎች ብዛት ይዛባሉ፤ ፕላዝማ ለይቶ በቤተ ሙከራ መለካት ይመረጣል።

ሌላው ወጥመድ ብዙዎች የማያውቁት ነው። የአዋቂ አሳማ ቀይ የደም ሴል ግሉኮስ እምብዛም አያስገባም፤ የጽንስ ቀይ የደም ሴል ግን ያስገባል፣ ይጠቀምበታልም። ስለዚህ ሁለቱ ናሙናዎች ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆዩ የእናትየዋ ግሉኮስ ባለበት ሲቆይ የጽንሱ ይወርዳል። ከዚያ በእናትና በጽንስ መካከል የሌለ ልዩነት ይወለዳል። ደሙ ሴሎች ስኳር እንዳይጨርሱ የሚገታ ፍሎራይድ ባለበት ብልቃጥ ይቀዳ፣ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ በደቂቃዎች ውስጥ በሴንትሪፊውጅ ይለይ።

ከእትብት ስትቀዱ ከየትኛው ሥር እንደሆነ ጻፉ። የእትብቱ ደም መላሽ ከእንግዴ ልጁ ወደ ጽንሱ የሚሄደውን፣ ኦክስጅንና ምግብ የያዘውን ደም ይወስዳል፤ ደም ቅዳዎቹ ጽንሱ ከተጠቀመበት በኋላ የሚመለሰውን። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው የሚያነጻጽረው ምን እንደሆነ አያውቅም።

ደቂቃም ይመዝገብ። 14 ጽንስ እስኪወጣ ድረስ የመጨረሻዎቹ ኦክስጅን እያጡ ይቆያሉ፤ ላክቴታቸው ይወጣል፣ የጉበታቸው ግላይኮጅን ይሟጠጣል። ሁልጊዜ ከግራው የማህፀን ቀንድ (ማህፀኑ ከሚከፈልባቸው ሁለት ረጃጅም ክንፎች አንዱ) ጫፍ የምትጀምሩ ከሆነ የቦታውን ልዩነት ከደቂቃው ልዩነት መለየት አይቻልም። ከግራና ከቀኝ እያፈራረቃችሁ በዕጣ አውጡ፤ ጉበቱንም ሳትዘገዩ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዙ።

የአዋቂውን ስም ለጽንሱ ማውረስ

የኢቤሪያ አሳማ በስቡ ይታወቃል፤ የምግብ ፍላጎትን የሚገታው ሆርሞን ሌፕቲኑም ከፍተኛ ነው፣ ሰውነቱ ግን ለሌፕቲን በሚገባ አይታዘዝም። ከዚህ ተነስቶ ጽንሱ ላይ ስብ መፈለግ አያስኬድም። የአሳማ ግልገል ሲወለድ ስቡ ከክብደቱ 1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ሙቀት የሚያመነጨው ቡናማ ስብም የለውም፣ ዩሲፒ-1 የተባለው ጂን በአሳማ ዘር ከሥራ ውጭ ከሆነ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋልና። የአሳማ እንግዴ ልጅ የእናትን የስብ አሲድ የሚያሳልፈውም በጥቂቱ ነው፤ የጽንሱ ዋና ነዳጅ ግሉኮስ፣ ላክቴትና አሚኖ አሲድ ናቸው። የዝርያውን አሻራ ከፈለጋችሁ በፕላዝማ ትራይግሊሰራይድና ኮሌስትሮል፣ በጉበትና በጡንቻ የስብ አሲድ ዓይነት፣ በኢንሱሊን ውስጥ ፈልጉት።

የቀን ቆጠራ

ቀን ዜሮ የድራቱ መጀመሪያ ነው ወይስ የተዳቀለችበት? በጥናቱ ሁሉ አንድ ይሁን። እርግዝናው 114 ቀን ገደማ ነው፤ ከልደት ክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚጨመረው ከ90ኛው ቀን በኋላ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የአንድ ቀን ስህተት ብቻውን የፆታን ልዩነት ያህል ግራም ያመጣል። የጽንሱን ዕድሜ ከርዝመቱ ገምቶ፣ በዚያው ዕድሜ የሁለት ዝርያዎችን ርዝመት ማነጻጸር ደግሞ ራስን በራስ መመስከር ነው። የናሙናው ቀንም በዘፈቀደ አይመረጥ። ለምሳሌ የጡንቻ ክሮች ቁጥር በ90ኛው ቀን አካባቢ ይወሰናል፤ በመጀመሪያዎቹ ክሮች ዙሪያ የሚሠሩት ሁለተኛዎቹ ክሮች ከ55ኛው ቀን ጀምሮ ሲሠሩ ያላያችሁ ከሆነ በ110ኛው ቀን የምታዩት ያለቀ ነገር ነው።

120 ጽንስ 120 ናሙና አይደለም

10 እናቶች 12፣ 12 ጽንስ ቢይዙ፣ የእናት ዝርያን ወይም መኖን ለመፈተን ያላችሁ ቁጥር 10 ነው። እናትየዋ በሞዴሉ ውስጥ እንደ ዕጣ ተጽዕኖ (random effect) ትግባ፤ ይህ የአንዲት እናት ጽንሶች እርስ በርስ እንደሚመሳሰሉ ታሳቢ ማድረግ ነው። የጽንስ ብዛትን እንደ ማስተካከያ ስታስገቡም አስቡበት። አንድ ግልገል ሲጨመር አማካይ የልደት ክብደት ከ30 እስከ 45 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ ኢቤሪያ 8 አካባቢ ስትይዝ ሌላዋ 14 ከያዘች፣ ብዛቱ ራሱ የዝርያው ሥራ ነው። ሲያስተካክሉት የዝርያውን አንድ መንገድ ዘግታችኋል። ከማስተካከያው ጋርም ያለ ማስተካከያውም ያለውን ውጤት አቅርቡ።

አጭር አጭር የሆኑት

ትንሿንና ትልቋን ዝርያ እኩል ኪሎ መኖ መስጠት እኩል መመገብ አይደለም፤ ጉልበቱ ከሜታቦሊክ ክብደት፣ ማለትም ከኪሎው 0.75 ርቢ ጋር ይመጣጠን።

የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ያለችን ከብዙ ጊዜ ወላጅ ጋር አትቀላቅሉ።

እያንዳንዱ ጽንስ በየትኛው ቀንድ፣ ከእንቁላል እጢው ስንተኛ እንደነበረና ጎረቤቶቹ ወንድ ይሁኑ ሴት ይመዝገብ። በእንቁላል እጢው በኩል ያሉት ብዙ ጊዜ ከመሀሎቹ ይከብዳሉ።

ደርቀው የቀሩትን ሙት ጽንሶችም ቁጠሩ። አጥንታቸው ሳይጠነክር፣ ከ35ኛው ቀን አካባቢ በፊት የሞቱት ተውጠው ስለሚጠፉ፣ በሕይወት የተገኙትን ብቻ የቆጠረ ሰው መጨናነቁ መቼ እንደጀመረ ማወቅ አይችልም፤ የቢጫ አካላቱን (እንቁላል በወጣበት ቦታ የሚቀሩ እብጠቶች) ቁጥር ከእንቁላል እጢዎቹ ላይ ቆጥሮ ከጽንሶቹ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይኖርበታል።