የድሮ ኮሮላ ሞተር ከመቀየሩ በፊትና በኋላ፦ ምልክት፣ ምክንያት፣ መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ባለ ካርቡራተሩን 2ኢ ሞተር (1295 ሲሲ፣ 12 ቫልቭ) የያዙትን ኢኢ90 እና ኢኢ100 ኮሮላዎች ነው። ከእነዚህ ውስጥ «ሞተሩ አልቋል» የተባሉት ሁሉ አላለቁም። ያገለገለ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ) ከመውረዳችሁ በፊት ማለቁን አረጋግጡ።

አሮጌው ሞተር በእርግጥ አልቋል?

ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ አጭሶ ወዲያው የሚያቆም ከሆነ፣ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (ዘይት የሚያግዱት ጎማዎች) ደርቀዋል ማለት ነው። ዘይት ሌሊቱን በቫልቩ ግንድ ተንጠባጥቦ ያድራል፤ ጠዋት ይቃጠላል። ጎሚኒ ይቀየር እንጂ ሞተር አይቀየርም።

ዳገት ላይ ጭሱ የማይቋረጥና የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ትንፋሽ የሚገፋ ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደር ይጠረጠራል። ሞተሩን አሙቁ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጡ፣ የቦቢናውን ሶኬት ንቀሉ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙሩና ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) ለኩ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ልኬቱ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)።

እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ያንሳል፤ የመለኪያው ንባብም በዚያው ልክ ይወርዳል። ባህር ዳርቻ ላይ 13 ባር የሚሰጥ ሞተር እዚህ 10 ገደማ ቢያሳይ ደህና ነው። ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፤ ከ1 ባር ካለፈ ችግር አለ። ያገለገለ ሞተር ስትገዙም መመዘኛችሁ ይኸው ይሁን።

ውሃ የሚጎድልና ራዲያተር ውስጥ አረፋ የሚታይ ከሆነ ቴስታታውን አስወርዱና በቀጥ ማስመሪያ አስለኩ። ጥምመቱ ከ0.05 ሚሊሜትር ካለፈ ይላጭ። ከታች በኩል የሚያንኳኳና ሲሞቅ የዘይት መብራት የሚያበራ ከሆነ ግን ሞተር መቀየሩ ያዋጣል።

የቱ ሞተር?

ከሁሉ ርካሹ ሌላ 2ኢ ነው፤ ሱፖርቱም (ሞተሩን የሚይዘው) ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) ሽቦውም አይነካም። ጉዳቱ ካርቡራተሩ ነው፤ ከፍታን አያውቅም፣ ለቆላ የተቃኘ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ያበዛል።

4ኢ-ኤፍኢ (1331 ሲሲ) በኢንጀክሽን (በኮምፒውተር ቁጥጥር ቤንዚን በሚረጭ ሥርዓት) የሚሠራ የዚያው ቤተሰብ ሞተር ነው። የአየር ግፊቱን በሴንሰር ስለሚያነብ ቤንዚኑን ራሱ ያስተካክላል። እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። 5ኢ-ኤፍኢ (1497 ሲሲ) ዳገት ላይ ይበልጣል፤ ብሎኩ ግን ከፍ ያለ ስለሆነ የማርሚታው ቱቦ ሊሰናከል ይችላል፤ የታይሚንግ ቺንጋውም ከ4ኢ ጋር አንድ አይደለም። 4ኤ-ኤፍኢ (1587 ሲሲ) ጥሩ ሞተር ነው፣ ግን ቤተሰቡ ሌላ ስለሆነ ካምቢዮና ሱፖርት ይጠይቃል፤ ዋጋው የሚያብጠውም እዚያ ላይ ነው። «ኢ» እና «ኤ» በስልክ ሲነገሩ ይምታታሉ፤ ብሎኩ ላይ የተመታውን ጽሑፍ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ኢንጀክሽን ከመረጣችሁ ሞተሩን ብቻ መግዛት ኪሳራ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ያልተቆረጠ ሙሉ ሽቦው፣ ኢግናይተሩ (ቦቢናውን የሚያዘው)፣ የቫኪዩም ሴንሰሩ (የአየር ግፊቱን የሚያነበው)፣ ኦክስጅን ሴንሰሩና የቤንዚን ፖምፓው አብረው ይምጡ። ሽቦው ተቆርጦ ከቀረበላችሁ ዋጋው ቢቀንስም ተዉት፤ ኤሌክትሪሺያኑ የሚያስከፍላችሁ ይበልጣል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ደረሰኝም ተቀበሉ፤ የሞተር ቁጥር ሊብሬ (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ስለሚጻፍ ያለ ሰነድ የተገጠመ ሞተር በኋላ ያስጨንቃል።

ከተገጠመ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

*ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም።* የምርመራ ሳጥኑን ክፈቱና ቲኢ1 (TE1) የሚለውን ቀዳዳ ከኢ1 (E1) ጋር በሽቦ አገናኙ። ቁልፉ ሲከፈት የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ የብልሽቱን ኮድ ይቆጥራል። የ2ኢ ዳሽቦርድ ይህ መብራት ላይኖረው ስለሚችል ከኮምፒውተሩ ዳብልዩ (W) መስመር ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል አስቀጥሉ። 12 ከሆነ ከዲስትሪቢዩተሩ የዙር ምልክት አልደረሰም፤ 14 ከሆነ የኢግናይተሩ መልስ ጠፍቷል፤ 31 የቫኪዩም ሴንሰሩ ነው። ካንዴላው ላይ ብልጭታ ካለ ቤንዚኑን ፈትሹ፦ በዚያው ሳጥን ኤፍፒን (FP) ከቢ+ (B+) ጋር ስታገናኙ ፖምፓው መዞር አለበት። የካርቡራተሩ ፖምፓ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ ኢንጀክሽን ወደ 3 ባር ይፈልጋል። የድሮውን ጎማ ቱቦ ማስቀረት ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው፤ ከፍተኛ ግፊት የሚችል ቱቦና ወደ ታንከሩ የሚመለስ መስመር የግድ ነው።

*ይነሳል፣ ቁልፉን ሲለቁት ይጠፋል።* ይህ ብዙ ሰው የሚያደክም፣ መፍትሄው ግን አንድ ሽቦ የሆነ ችግር ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ፖምፓው በሞተሪኖው መስመር ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ሪሌውን (የፖምፓውን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) መሬት የሚያስይዘው ኮምፒውተሩ ነው። ከኮምፒውተሩ ኤፍሲ (FC) ወደ ሪሌው የሚሄደው ሽቦ ካልተገናኘ ፖምፓው ይቆማል። ፖምፓውን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ማሰር አቋራጭ ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን ሞተሩ ቢጠፋም ቤንዚን መግፋቱን አያቆምም።

*ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወጣል ይወርዳል።* መጀመሪያ የአየር መግቢያ ቱቦዎችን ፈትሹ። ከዚያ ውሃውን፤ የሚኒሞ መቆጣጠሪያው በሞተሩ ውሃ ስለሚሞቅ መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ያስባል። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ አቁሙ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ አረፋው እስኪያቆም ሙሉ።

*ጥቁር ጭስ፣ ቤንዚን መብላት።* ኮድ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ባለ አንድ ሽቦው ለጌጁ፣ ባለ ሁለት ሽቦው ለኮምፒውተሩ ነው፤ ሁለቱ ይምታታሉ።

*ጉልበት የለውም።* ቲኢ1 እና ኢ1 ተገናኝተው ታይሚንጉ (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ጊዜ) 10 ዲግሪ ላይ ይሁን። ሳይገናኙ የተቀኘ ታይሚንግ የተሳሳተ ነው።

*ዳገት ላይ ይፈላል።* አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጎማው የላላ ክዳን ይቀየር፤ 0.9 ባር የሚለውን ግዙ። ቁልፉ ተከፍቶ የፋኑን ስዊች ሶኬት ስትነቅሉ ፋኑ ከዞረ የፋኑ ሞተርና ሪሌው ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ስዊቹ ነው።

*ፍሪሲዮን ይንቀጠቀጣል ወይም ሞተሪኖው ይንሸራተታል።* ከጃፓን የሚመጡት ሞተሮች አብዛኞቹ አውቶማቲክ ስለነበሩ ከኋላ ያለው ስስ ሳህን እንጂ የማንዋል ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ጎማ መሰል ብረት) አይደለም። የማንዋል ቮላኖ ከነብሎኖቹ ይገጠም፤ የብሎኑ ርዝመት አንድ ስላልሆነ የሳህኑን ብሎን አትመልሱበት። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ የኋላውን የዘይት ጎሚኒም ቀይሩ፤ በኋላ ቢያፈስ ለአንድ ጎሚኒ ሲባል ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።