ዙኦሎጂስት መሆን ለምትፈልጉ፦ ከደጃችሁ ጅብ ጀምሩ

ሐረር ውስጥ ስለ ሥራዬ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «የእንስሳት ሐኪም ነዎት?» ብለው ይጀምራሉ። አይደለሁም። የታመመውን በግ የሚያክመው ሐኪሙ ነው። ዙኦሎጂስት እንስሳው እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ስንት እንደቀረ ያጠናል። ሥራው ልብ ይሞላል። መንገዱ ግን ረጅም ስለሆነ ቀድማችሁ ብትጀምሩ ይሻላል።

1. ትምህርቱ

ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ዩኒቨርሲቲ ላይ ባዮሎጂ፣ ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪ በዙኦሎጂ ወይም በዱር እንስሳት ዘርፍ። ለእኛ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ በሐረርና በድሬዳዋ መሃል። ስታትስቲክስን ግን አትሽሹ። እኔ ሸሽቼ ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ከዜሮ ለመጀመር ተገድጃለሁ።

2. ዕቃ ግዙ፣ መመልከትም ጀምሩ

ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ውጡ። ስክሪፕቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ገንዘብ ካገኛችሁ ከካሜራ በፊት ባይኖኩላር (ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር) ግዙ፤ 8 በ42 የሚባለው፣ ማለትም 8 እጥፍ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነው፣ ለጀማሪ ይበቃል። ለማታ ግንባር ላይ የሚታሰርና ቀይ መብራት ያለው ባትሪ ይሁንላችሁ። ነጩ መብራት ጅቡንም ይረብሻል፣ የእናንተንም ዓይን ያጨልማል።

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን እንዳያችሁ። ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ አትበሉ።

3. አንዱን ጅብ ከሌላው መለየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነውና።

ሐረሪዎች «ወራባ» የሚሉት ጅብ ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ሥጋ ሊበላ ይመጣል። በሙስሊሞች የአሹራ በዓል ዕለት ገንፎ ይቀርብለታል። የዱር ጅብን በዚህ ቅርበት ማየት የሚቻልበት ቦታ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። እኛ ግን ያደግንበት ስለሆነ ልብ አንለውም።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ጅቦቹን ልቆጥር ሦስት ሳምንት አመሸሁ። በነጠብጣባቸው እለያቸው ነበር። ሃሳቡ ትክክል ነው፤ የሁለት ጅቦች ነጠብጣብ አንድ አይደለም። 23 ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አዩና «እስቲ የዚህን ጅብ ሌላኛውን ጎን አሳዪኝ» አሉኝ። የለኝም። የጅብ የግራ ጎን ነጠብጣብ ከቀኙ ጋር አይመሳሰልም። እኔ አንዱን ጅብ ሰኞ በግራው፣ ሐሙስ በቀኙ አይቼ ሁለት አድርጌዋለሁ። እንደገና ወጥቼ ስቆጥር 14 ሆኑ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ ጅብ ምረጡና እስኪዞር ጠብቁ። ሌላው ይለፋችሁ፣ ግድ የለም። ሁለቱንም ጎን በዚያው ማታ አንሱና በአንድ ስም አስቀምጡ፤ «ጅብ 1 ግራ»፣ «ጅብ 1 ቀኝ»። ቀጥሎ ጆሮውን እዩ። የተቀደደ ወይም የተቦጨቀ ከሆነ በደብተራችሁ ላይ ሣሉት፤ ጨለማ ውስጥ ከነጠብጣብ ይልቅ የጆሮ ቅርጽ ቶሎ ይታያል። ከዚያ ትከሻው ወይም ታፋው ላይ አንድ ጎላ ያለ ቅርጽ ፈልጉ። ሁሉንም ነጠብጣብ ልያዝ ካላችሁ አንዱም አይያዝላችሁም። ጅቡ ሳይዞር ከሄደ ግራውን ብቻ ያያችኋቸውን ለብቻ ቁጠሩ። ከቀኞቹ ጋር አትደምሩ።

ጾታውንም በአንድ እይታ አትወስኑ። እንስቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ብልቷ ደግሞ የወንድ ስለሚመስል የለመደ ሰውም ይሳሳታል። «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

4. ጥንቃቄ

ብቻችሁን አትውጡ። እንስሳ አትንኩ፣ ግልገልም ቢሆን። እንስሳ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ እጠቡና ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። መስክ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ክትባቱን አስቀድማችሁ ውሰዱ።

5. ሥራ መፈለግ

የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ብሔራዊ ፓርኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማት ባለሙያ ይቀጥራሉ። ከሐረር ብዙም ሳይርቅ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ አለ። የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ ለማጥናት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቁ። ዝሆን ዝሆን እያያችሁ የምትውሉ ግን አይምሰላችሁ። አብዛኛው ሥራ ዱካና ፋንድያ መቁጠር፣ ማሳው ከተረገጠበት ገበሬ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ገበሬውን አክብራችሁ አዳምጡት። እንስሳው በየት እንደሚያልፍ ከማንም በላይ ያውቃል።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ደብተራችሁን ያዙ። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁ ቀን ጠያቂው ውጤቴን አየት አድርገው አስቀመጡትና ደብተሬን ገለጡ። ጆሮዋ የተቀደደች ጅብ የሣልኩበት ገጽ ላይ ቆሙ። «ይቺ ለምን ግራዋ ብቻ ተሣለ?» አሉኝ። «ቀኟን ስላላየሁት» አልኩ። ከዚያ ሌላ ብዙ አልጠየቁኝም።