ውሻው ባዶ ፍርስራሽ ላይ ከጮኸ መጀመሪያ እጃችሁን እዩ

ስለ ውሃ፣ ስለ እረፍትና ስለ ክትባት አላወራም። ፍርስራሽ ሥር የተቀበረ ሰው በሽታ ፈልጎ ሲያገኝ እንዲጮህ ውሻ የሚያሰለጥን ሰው ያንን ያውቃል። በቀጥታ ወደ ችግሮቹ።

ማንም በሌለበት ይጮሃል

የሚደወልልኝ በአብዛኛው ለዚህ ነው። "አፍንጫው ተበላሽቷል" ይሉኛል። አፍንጫው ምንም አልሆነም። ውሻው የሚያነበው እናንተን ነው።

የአንዱ ውሻ ሦስት ጊዜ እዚያው ኮንክሪት ላይ ጮኸ። ከሥሩ ማንም የለም። እኔ ውሻውን ትቼ ሰውየውን አየሁት። ኮንክሪቱ ጋ ሲደርስ እርምጃው ቀስ ይላል፤ እጁ የሽልማት ኳሱ ወዳለበት ኪስ ይገባል። ለካ ባለፈው ልምምድ ሰው የተደበቀው እዚያ ኖሯል! ውሻው ደግሞ ሞኝ አይደለም። እጅ ኪስ ከገባ መጮህ ያዋጣዋል። ስነግረው "እኔ? በፍጹም!" አለ። በስልኬ ቀርጬ አሳየሁት። ዝም አለ።

እሱ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት 18 የዕፅና የፈንጂ ውሾችን ከነመሪዎቻቸው፣ ማለትም ውሻውን ይዘው ከሚያሠሩት ሰዎች ጋር ፈትኗል። የሚሸተት ነገር የትም አልተቀመጠም። መሪዎቹ ግን ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ሽታው አለ ተብለው ነበር። ውሻዬ "አገኘሁ" አለ ያሉትም ይበልጥ ምልክቱ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

መፍትሄው ይኸው። ለልምምድ የሚፈለገውን ሰው ሌላ ሰው ይደብቀው፤ መሪው ቦታውን አይወቅ። የሚያውቀውም አጠገባችሁ አይቁም፣ ዓይኑ ያሳብቃል። ሽልማቱን የተደበቀው ሰው ይስጥ፤ ከእናንተ ኪስ አይውጣ። አንዳንዴ ጭራሽ ማንም ያልተደበቀበት ቦታ አስፈልጉት። ሳይጮህ ጨርሶ ከተመለሰ ወዲያው ሌላ ቦታ ቀላል ሰው ያግኝና ይጫወት። በከንቱ ሲጮህ ግን አትቆጡት! ምንም እንዳልተፈጠረ እለፉ። የተቆጣችሁት ውሻ ነገ እውነተኛ ሰው አግኝቶም ዝም ሊል ይችላል።

ውሻውን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ቅድም ሰው የወጣበት ጉድጓድ ሽታ ይዞ ይቆያል። እዚያ ጮኸ ማለት አልዋሸም። በነገራችን ላይ የሚደበቀው ሰው የመገናኛ ሬዲዮ ሳይዝ አይገባም። ይህንን ስንቴ እንደተናገርኩ!

የጮኸበት ቦታ ሲቆፈር ሰው የለም፣ ሰውየው ትንሽ ወዲያ ነው

ይህ ጥፋት አይደለም። ሽታ በስንጥቅ ውስጥ ተጉዞ ክፍት ባገኘበት ይወጣል። ውሻው የሚያሳያችሁ መውጫውን ነው። የነፋሱን አቅጣጫ እዩና ሁለተኛ ውሻ በሌላ ጎን አስገቡ።

ብዙ ፈልጎ ሰው ሲያጣ ይፈዛል

እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ ላይ መንትያ ሕንፃዎቹ ሲፈርሱ መሪዎቹ ያደረጉትን አድርጉ። ውሾቹ በሕይወት ያለ ሰው ማግኘት ሲያቅታቸው ባልደረባቸውን እየደበቁ ውሾቹ እንዲያገኙት ያደርጉ ነበር።

አፉን ከፍቶ እያለከለከ ያልፋል

ሞቆታል። እያለከለከ በደንብ አያሸትም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ይንሸራተታል

ጫማ አድርገውለት የሚመጡ አሉ፣ ያውም ሁለት እርምጃ ሳይሄድ የሚወልቅ ርካሽ ጫማ። ውሻ ፍርስራሽ የሚቆነጥጠው በጣቱና በጥፍሩ ነው። አውልቁለት፤ ከሥራ በኋላ ግን መዳፉን አንድ በአንድ እዩ።

የአንገት ማሰሪያውንም አውልቁ። "ለአንድ ደቂቃ ነው" ያለኝ ሰው ውሻ፣ ወጣ ያለ የፌሮ ብረት ማሰሪያውን ይዞት ተንጠልጥሎ ነበር። ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጠን ነው ያወረድነው።