የአገር ልጆችን ግሩፕ የሚያፈርሱ የአድሚን ስህተቶች

በጎጃም የአንድ ወረዳ ልጆች የሚጠያየቁበት፣ ነጋዴና ገበሬ የእህል ዋጋ የሚለዋወጡበት፣ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ብር የሚዋጣበት የቴሌግራም ግሩፕ ሲከፈት መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሰንበት ሲል ስድቡ ይገባል፣ ማስታወቂያው ይገባል፣ ቁም ነገር የሚጽፈው ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። ያኔ ሁሉም ተሳዳቢውን ይረግማል። ተሳዳቢማ የትም አለ። ግሩፕ የሚፈርሰው አድሚኑ በሚሰርዘው፣ በሚያልፈውና በሚያደላው ነው። ከዚህ በታች ያሉት በየግሩፑ ሲደጋገሙ የሚታዩ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው በሚያናድዱበት ልክ ነው።

የስድብ ዝርዝር ለቦት ሰጥቶ መተኛት

አዲስ አድሚን መጀመሪያ የሚሠራው ይህንን ነው። ቦት (መልእክት በራሱ የሚሰርዝና ሰው የሚያባርር ፕሮግራም) ያስገባል፣ የሚያውቃቸውን ስድቦች በሙሉ ይዘረዝርለታል፣ «ግሩፑ ጸዳ» ብሎ ይተኛል። ያ ቦት የግዕዝ ፊደል ሲገጥመው ምን እንደሚሆን የሚያስብ የለም።

«አህያ» የሚለውን ውሰዱ። ቦቱ ድምፅ አይሰማም፤ ፊደል ነው የሚያመሳስለው። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ህ፣ ሕ ወይም ኅ። አራት በሦስት ሲባዛ 12 አጻጻፍ። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ቦቱ ግን ያስገባችሁለትን አንዱን ብቻ ይይዛል። ከዚያ ቃሉ ይረባል፦ አህዮች፣ አህያው፣ ያህያ፣ ላህያ፣ አህያነት። ሙሉ ቃል ብቻ እንዲያይ ካዘዛችሁት እነዚህ በሙሉ ያልፋሉ። በሌላ ቃል ውስጥም ፈልግ ካላችሁት ደግሞ የማይመለከተውን ሁሉ ያጭዳል። በፊደሎቹ መካከል ነጥብ የሚከተው፣ ክፍት ቦታ የሚተወው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈው ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ማን ይያዛል? «ቡሬ ገበያ አህያ ስንት ገባ?» ብሎ የጠየቀው ነጋዴ። መልእክቱ ይጠፋበታል። የኔትወርክ ችግር መስሎት ደግሞ ይልካል፤ ይጠፋል። ሦስተኛ ሲልክ ቦቱ ሦስት ማስጠንቀቂያ ሞላህ ብሎ ያባርረዋል። ተሳዳቢውስ? ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ሰው ለመሳደብ የስድብ ቃል አይቸግረውም። «ጭነት የማይከብደው፣ ጆሮው ረዥም ወንድማችን እንኳን ደህና መጣ» ብሎ ይጽፋል። ቦቱ ሰላምታ ነው ብሎ ያሳልፈዋል፣ ግሩፑ በሳቅ ይሞላል፣ የተሰደበው ሰው ያንኑ ማታ ይወጣል።

ቦት የሚጠቅምበት ሥራ ሦስት ነው፦ ገና የገባ ሰው የሚለጥፈውን ሊንክ መያዝ፣ ከሌላ ቻናል የሚግተለተለውን ፎርዋርድ ማቆም፣ አንዱን መልእክት ደጋግሞ የሚልከውን መግታት። የቃላት ዝርዝር የግድ ካስፈለገ ሰውን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ለማዋረድ ብቻ የሚነገሩትን፣ ሌላ ፍቺ የሌላቸውን ጥቂት ቃላት ያዙ፤ እያንዳንዱን በሁሉም አጻጻፉ አስገቡ። የማባረር ሥልጣን ግን ለቦቱ አትስጡ፤ ይሰርዝ እንጂ አያባርር። በግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ የአድሚኖችን የቅርብ ጊዜ ድርጊት የሚያሳየው ገጽ የተሰረዘውን የሚያቆየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ ከፍታችሁ እዩት። ያለ ጥፋቱ የተሰረዘበት ሰው ካለ ያን ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፤ ካለፈ በኋላ ማን ምን እንደጻፈ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

ያልተረዳ ሰው መርዶውን ከግሩፕ እንዲያነብ መተው

ይህን እንደ ቀላል የሚያልፍ ሰው አድሚንነቱን ለሌላ ቢሰጥ ይሻላል። ሰው ይሞታል። አንዱ አዝኖ፣ ወይም ቀድሞ ለመናገር ጓጉቶ፣ ፎቶውን ከሻማ ጋር ይለጥፋል። ወዲያው «ነፍስ ይማር» ይደረደራል። ልጁ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ስልኩን ሲከፍት የአባቱን ፎቶ ያያል። መርዶ በአገራችን ወግ አለው፦ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ደግፎ በያዘበት ነው የሚነገረው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሞት ዜና ከአድሚን በቀር ማንም አይለጥፍ፤ የሰማ ሰው ለአድሚን በውስጥ መስመር ይጻፍ። አድሚኑ ለቤተሰቡ ቅርብ ወደሆነ ሰው ወይም ወደ እድሩ ዳኛ ደውሎ «ያልተረዳ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ካለ ዜናው ይቆያል፤ ሦስት ቀንም ይሁን አራት። ተለጥፎ ካገኛችሁት ፎቶውንም ከሥሩ የተደረደረውን ነፍስ ይማርም አንድ ላይ ሰርዙ። ፎቶውን አንስቶ የሐዘን መልእክቶቹን መተው ዋጋ የለውም፤ የሟች ስም እዚያው ውስጥ አለ። ለዚህ ስረዛ በግሩፑ ላይ ምክንያት አይጻፍም። ለለጠፈው ሰው በውስጥ መስመር ይነገረዋል፤ ያለ ቁጣ፣ ብዙዎቹ ክፉ አስበው አይደለምና።

የወንዝ ልጅን ማለፍ

የሌላ ቀበሌ ልጅ ሲሳደብ በደቂቃ ይባረራል። የአድሚኑ አበልጅ ያንኑ ቃል ሲጽፍ «ቀልዱን ነው» ይባላል። አባላት ይህን ወዲያው ያስተውላሉ፤ አይናገሩም፣ ግን ከዚያ በኋላ የምትወስኑትን ማንኛውንም ነገር አያምኑም። ለዚህ መድኃኒቱ ቅጣቱን አስቀድሞ በቁጥር መጻፍ ነው። የሚሠራ ደረጃ ይኸውና፦ በመጀመሪያው ጥፋት መልእክቱ ተሰርዞ ምክንያቱ በውስጥ መስመር ይነገራል፤ በሁለተኛው ለ24 ሰዓት መጻፍ ይከለከላል፤ በሦስተኛው ለ7 ቀን፤ በአራተኛው ይሰናበታል። ቴሌግራም የእገዳውን ጊዜ ራሱ ስለሚቆጥር «መቼ ነበር ያገድነው?» የሚል ክርክር አይነሳም። ሰው እንዲገደል፣ ቤት እንዲቃጠል ወይም አንድ ብሔር እንዲባረር የሚጠራ ሰው ግን ደረጃ አይጠበቅለትም፤ ስክሪንሾት ይያዝና ወዲያው ይውጣ።

ጥፋተኛው የአድሚኑ ዘመድ፣ ባለንጀራ ወይም ባለዕዳው ከሆነ ሌላ አድሚን ይይዘዋል። ለዘለቄታው ማሰናበት ሲሆን ሁለት አድሚኖች ይስማሙ።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። የ22 ዓመት አድሚን አንድን ትልቅ ሰው በ300 ሰው ፊት «አንተ፣ ሕግ አክብር» ብሎ ሲጽፍ ሕጉ ትክክል ሆኖ ሳለ ግሩፑ በሙሉ ከሰውየው ጋር ይቆማል። ለትልቅ ሰው ተግሣጹ በውስጥ መስመር፣ «ጋሼ» ወይም «አያ» ተብሎ፣ በአንቱታ ይጻፋል። ቅጣቱ ግን ያው ነው፤ 24 ሰዓቱ ለጋሼም 24 ሰዓት ነው።

ከተሳዳቢ ጋር በአደባባይ መመላለስ

አድሚን አንዴ ከመለሰ ተከራካሪ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ቅጣት ሁሉ ብቀላ ይመስላል።

አድሚን ማብዛት፣ ቁልፉን ለአንድ ሰው ማስያዝ

ሁለቱ ስህተቶች አብረው ነው የሚመጡት። አንዱ ወዳጁን ሁሉ አድሚን ያደርጋል፤ 15 ሰው ሙሉ መብት ይይዛል፤ አንዱ የሰረዘውን ማን እንደሰረዘው ከሁለት ቀን በኋላ አይታወቅም። ለመቶዎች አባላት ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። መብቱ ተለያይቶ እንደሚሰጥ የማያውቁ ብዙ ናቸው፦ ለአንዱ መሰረዝና ማገድ፣ ለሌላው ፒን ማድረግ (መልእክትን ከላይ መስቀል) ብቻ መስጠት ይቻላል። አዲስ አድሚን የመሾም መብት ከባለቤቱ ሌላ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ።

አድሚኖቹ በሙሉ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ከተቀመጡ ኔትወርክ ሲጠፋ ግሩፑ ያለ ጠባቂ ያድራል። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለው አባል ግን መጻፉን አላቆመም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ አድሚን ከክልሉ ውጭ ይሁን። ግሩፑን ለሌላ ለማስተላለፍ የባለቤቱ አካውንት የሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል ኖሮት 7 ቀን ማለፍ አለበት። ስልክ በጠፋ ማግስት የሚደረግ ነገር አይደለምና ዛሬውኑ አብሩት።

ሊንክ የዘጉ መምሰል

በአባላት ፈቃድ ውስጥ ሊንክን የሚመለከተውን ቁልፍ ያጠፉና «ሊንክ ተከልክሏል» ይላሉ። ያ የሚያጠፋው ከሊንኩ ሥር የሚመጣውን ሥዕላዊ ቅምሻ ነው፤ ሊንኩ ራሱ እንደ ጽሑፍ ይገባል። ይህን የሚይዘው ቦት ነው። ይልቅ ልታጠፉት የሚገባው አባላት ሌላ ሰው የሚያስገቡበትን ፈቃድ ነው፤ የማስታወቂያ አካውንቶች በጅምላ የሚገቡት በዚያ በር ነው። የመግቢያ ሊንኩንም አድሚን ሳያጸድቅ እንዳያስገባ አድርጉት። ለሚያንኳኳው ሰው «የማን ልጅ ነህ? ማን ነገረህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በተለይ ክረምት ሲቃረብ «ማዳበሪያ አለ፣ ቀብድ በቴሌብር ላኩ» የሚሉትን አጥብቃችሁ ያዙ። ሕጉ አንድ መስመር ይሁን፦ በዚህ ግሩፕ ቀብድ አይጠየቅም። ዋጋ የሚጽፍ ሰው የእህሉን ዓይነት፣ ቦታውን፣ የኩንታሉን ዋጋና ቀኑን ይጻፍ። «ነጭ ጤፍ፣ ቢቸና፣ የዛሬ» የሚል መልእክት ዋጋ ከሌለበት ወሬ ነው፤ ዋጋ ኖሮ ቀን ከሌለው ደግሞ ሰው ያሳስታል፣ ፎርዋርድ ሆኖ ከሳምንት በኋላ ይዞራልና።

ጠብ ሲነሳ ግሩፑን መቆለፍ

የተቆለፈ ግሩፕ ውስጥ የነበረ ጠብ ወደ ሌላ ግሩፕ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ እናንተ የላችሁም። ስሎው ሞድ፣ ማለትም አንድ አባል ከአንዱ መልእክት በኋላ ሌላ እስኪጽፍ የሚጠብቀው ጊዜ፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ይገኛል። 10 ሰከንድ የተናደደን ሰው አያቆምም፣ 1 ሰዓት ዋጋ ለሚጠይቀው ነጋዴ ግሩፑን ይገድልበታል። ጠብ ሲጦፍ 5 ደቂቃ፣ ካልበረደ 15 አድርጉ፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይነሳ። ማንሳቱን የሚረሱ አድሚኖች አሉ፤ ከዚያ «ምነው ግሩፑ ቀዘቀዘ?» ይላሉ።

«እኔ አልጻፍኩትም» ማለት

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። የሐሰት መረጃም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል። የሌላውን መልእክት ፒን ያደረገ፣ ወደ ቻናሉ ፎርዋርድ ያደረገ አድሚን ራሱ እንዳሰራጨ ሊቆጠር እንደሚችል አስቦ ይሥራ።

የብር ጥያቄን መሰረዝ

መዋጮ የሚሰበሰብበት ግሩፕ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አንዱ «ለጣሪያው ያዋጣነው ብር የት ደረሰ?» ይላል። አድሚኑ፣ ራሱ የኮሚቴው አባል ስለሆነ፣ «ሰላም ለማወክ» ብሎ ይሰርዘዋል። ጠያቂው ስክሪንሾት ይዟል፤ በማግስቱ ጥያቄው በአምስት ግሩፕ ይዞራል፣ አሁን ግን «ለምን ሰረዙት?» የሚል ተጨምሮበት። ጥያቄው በስድብ የተለወሰ ቢሆን እንኳ ስድቡን ለይታችሁ ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል አስቀሩት፤ «እገሌ የቆርቆሮው ብር ስንት ደረሰ ብሎ ጠይቋል፣ ኮሚቴው እስከ ሐሙስ ይመልሳል» ብሎ ፒን ማድረግ ይቻላል። የኮሚቴ አባል የሆነ አድሚን በብር ጉዳይ መልእክት የመሰረዝ መብት አይኑረው። መልሱ ሲመጣ የባንኩ መግለጫ ይለጠፍ፤ የአዋጪዎቹ የሂሳብ ቁጥርና ስልክ ይሸፈን፣ ቀኑ፣ መጠኑና ቀሪው ግን በግልጽ ይታይ። ቆርቆሮው ከተገዛ የደረሰኙ ፎቶ ከሥሩ ይግባ፣ ቁጥሩና ያንዱ ዋጋ እንዲነበብ ተደርጎ።