የዲፈረንሻል ጥርስ ከተቀየረ በኋላ የመኪናውን ኮምፒውተር ማስተካከል

የጎጃም መንገድ ሞተር ይፈትናል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የሚቀረው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ስለዚህ ፎርድ ሙስታንግ የያዘ ሰው የዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ክፍል) ጥርስ ከ3.31 ወደ 3.73 ቢያስቀይር ተገቢ ውሳኔ ነው። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ልዩነቱ ነዳጅ መስጫው ላይ ይታወቀዋል። ነገር ግን መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም የሚያውቀው አሮጌውን ጥርስ ነው።

3.73 ማለት ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ 3.73 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በተመረቱት ሙስታንጎች የሞተሩ ኮምፒውተር የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ ዙር በሴንሰር ይቆጥራል፤ የቆጠረውን በጥርሱ ቁጥር አካፍሎ በጎማው ዙሪያ ልክ ያባዛና ፍጥነቱን ያወጣል። ጎማውን ራሱን አያየውም። የተነገረው ቁጥር ስህተት ከሆነ ያለምንም ጥርጣሬ ስህተት ያወጣል። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ክፍል እንግዲህ አዲሱን ቁጥር በላፕቶፕ ማስገባቱ አይደለም፤ ልኬቱ ነው።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ አስሉት። 3.73 ለ3.31 ሲካፈል 1.127 ይመጣል። ሳይስተካከል የተነዳ መኪና በእውነተኛ 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 90 ያሳያል። 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 563 ይመዘግባል፤ ይህ የተመዘገበው ኪሎ ሜትር በኋላ በማስተካከል አይመለስም። ብዙ ሰው የሚሸወደው በነዳጁ ነው፦ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚበላው መኪና ዳሽቦርዱ ላይ 8.9 ብቻ የሚበላ ይመስላል፤ ባለቤቱም ጥርሱ ነዳጅ ቆጠበልኝ ይላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ከሆነ ማርሽ የሚቀይርበት ፍጥነት ይዛባል፤ ዳገት ላይ በሁለት ማርሽ መካከል ይዋልላል።

ሁሉም መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ፍጥነቱን በቀጥታ ከኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) የጎማ ሴንሰሮች የሚወስድ መኪና ጥርስ ቢቀየርለትም መለኪያው ልክ እንደሆነ ይቀጥላል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ጥርሱ ከተቀየረ በኋላ የስካነሩን (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) የፍጥነት ንባብ ከስልክ ጂፒኤስ ጋር አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከላይ ባለው ስሌት ልክ ከመጣ ማስተካከያው ያስፈልጋል። ልዩነት ከሌለ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ካልሆነ በስተቀር፣ ምንም አትንኩ።

መጀመሪያ ጥርሱን አረጋግጡ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ቁጠሩ። ዲፈረንሻሉ ገና ክፍት ከሆነ የክራውኑን (የትልቁን ክብ ማርሽ) ጥርስ ለፒኒየኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ጥርስ አካፍሉ፦ 41 ለ11 ሲካፈል 3.727 ነው፤ 3.73 የሚባለው እሱ ነው። ከተዘጋ ደግሞ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ደግፉ፣ የኋላውን በክሪክ አንሥታችሁ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉ፣ ካምቢዮውን ነፃ አድርጉ። ረጅሙ ዘንግ ላይና ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል 10 ዙር ስታዞሩ ዘንጉ 37 ዙር ከትንሽ በላይ መዞር አለበት። ዲፈረንሻሉ ተራ ዓይነት ሆኖ አንዱን ጎማ ብቻ የምታዞሩ ከሆነ፣ ሌላውን ያዙና 20 ዙር አዙሩ፤ አንዱ ጎማ ተይዞ ሲቆም ዘንጉ የሚዞረው በግማሽ ነውና።

ቀጥሎ የጎማው ዙሪያ። 255/40 በ19 የሆነ ጎማ በስሌት 2,157 ሚሊሜትር ዙሪያ አለው፤ መሬት ላይ ሲያርፍ ግን ክብደቱ ስለሚጫነው የሚጓዘው ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ በስሌት አትተማመኑ። ነፋሱን በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ሙሉ፤ ይህም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሹፌሩ ይቀመጥ። ጎማው መሬት የነካበትን ቦታ ጎማውም አስፋልቱም ላይ በኖራ አስምሩ፣ መኪናውን ቀስ ብላችሁ በቀጥታ ሦስት ሙሉ ዙር ግፉት፣ በሜትር ለክታችሁ ለሦስት አካፍሉ። 6 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር ከመጣ ዙሪያው 2,090 ሚሊሜትር ነው። ፕሮግራሙ በማይል የሚዞረውን ዙር የሚጠይቅ ከሆነ 1,609,344ን ለዚህ ቁጥር አካፍሉ፤ 770 ይሆናል። የልኬት ስህተቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለውጡ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። የጎማው ነፋስ ቢጎድልና ሳታዩ ብትለኩ ግን ሁሉም ይበላሻል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የምትፈልጉት ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ፣ ፎርስካን የተባለው የፎርድ መኪናን ኮምፒውተር የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም ከኤክስቴንድድ ላይሰንሱ (ቁጥር ለመቀየር ከሚያስችለው ፈቃድ) ጋር፣ እና በሽቦ የሚገናኝ ጥሩ የኦቢዲ አስማሚ (ላፕቶፑን ከመኪናው ኮምፒውተር የሚያገናኝ መሰኪያ) ነው። ርካሾቹ የብሉቱዝ አስማሚዎች ስህተት ለማንበብ ይበቃሉ፤ ለመጻፍ ግን መሃል ላይ ግንኙነት ስለሚያቋርጡ አይታመኑም።

ከሁሉ በላይ ባትሪው። በመጻፍ መካከል ቮልቴጁ ከወረደ ኮምፒውተሩ በግማሽ የተጻፈ ዳታ ይዞ ይቀራል፤ መኪናውም ላይነሣ ይችላል። ባትሪው ከ12.5 ቮልት በታች ከሆነ አትጀምሩ። በግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ቻርጀር ላይ ብቻ አትደገፉ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ሌላ ሙሉ ባትሪ በገመድ ጎን ለጎን ማገናኘት ይበልጣል፤ አዎንታዊው ከአዎንታዊው፣ አሉታዊው ከአሉታዊው። የፊት መብራት፣ ማራገቢያ፣ ሬዲዮ ሁሉም ይጥፋ።

ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ። ፕሮግራሙ ሁሉንም ሞጁሎች (የመኪናውን ትናንሽ ኮምፒውተሮች) ካነበበ በኋላ የመጀመሪያው ሥራችሁ አሁን ያለውን ኮንፊገሬሽን (የተቀመጡትን ቁጥሮች) ሴቭ ማድረግ ነው። ፋይሉን በመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና በቀኑ ሰይማችሁ ፍላሽ ላይም ገልብጡት፤ ነገሩ ቢበላሽ የሚመልሳችሁ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በሞተር ኮምፒውተሩ ሥር የጎማ ልክና የአክስል ጥርስ የሚለውን ክፈቱ። በአንዳንድ አዳዲስ ፎርዶች ይህ የሚገኘው በአካል መቆጣጠሪያ ሞጁሉ ሥር ነው። ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አዲሱን አስገቡ፣ ጻፍ በሉት። ፕሮግራሙ ቁልፉን አጥፉ፣ መልሳችሁ ክፈቱ ሲል ጠብቃችሁ ልክ እንዳለው አድርጉ፤ አትቸኩሉ። በመጨረሻ የስህተት ኮዶችን አጥፉና መልሳችሁ አንብቡ፣ ቁጥሩም በትክክል እንደተቀመጠ ክፍሉን ደግማችሁ ክፈቱና እዩ።

መሣሪያችሁ ጥርሱን የማያስገባ፣ የጎማ ልክ ብቻ የሚቀበል ከሆነ በእጅ አዙር ማስተካከል ይቻላል፦ 2,090ን በ3.31 አባዝታችሁ ለ3.73 ስታካፍሉ 1,855 ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ጎማው አነስ ያለ መስሎት ትክክለኛ ፍጥነት ያወጣል። ይህን የምንመክረው በእጅ ካምቢዮ ላይ፣ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው። የጎማው ቁጥር ለኤቢኤስም የሚተላለፍ ከሆነ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው መረጋጊያ ይሳሳታል። ሁለቱንም መንገድ አንድ ላይ መጠቀም ደግሞ ስህተቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገለብጠዋል፦ በእውነተኛ 80 ስትነዱ 71 ያሳያል። ይህ አደገኛው ነው፤ ሹፌሩ ቀስ ብሎ የሚሄድ እየመሰለው ይፈጥናልና።

ሙከራውን ሜዳ ላይ አድርጉት። ከባሕር ዳር ወደ መራዊ የሚወስደው መንገድ ይሻላል፤ አባይ በረሃ አይሆንም፣ በዳገቱና በመታጠፊያው እኩል ፍጥነት መያዝ አይቻልም። ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ፣ የገበያ ቀን ሳይሆን። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ያንብብ። በ50 እና በ80 ፍጥነት እያንዳንዳቸውን ቢያንስ 20 ሰከንድ ሳትለዋውጡ ይዛችሁ የስካነሩን ቁጥር ከጂፒኤስ ጋር አነጻጽሩ። መርፌውን አትመልከቱ፤ ፋብሪካዎች መርፌው ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያሳይ ሆን ብለው ይሠሩታል። ስካነሩና ጂፒኤሱ በ1 ኪሎ ሜትር ልዩነት ውስጥ ከሆኑ አብቅቷል። ከበለጠ የጎማውን ዙሪያ በዚያው በመቶኛ አስተካክሉ፤ ስካነሩ 82፣ ጂፒኤሱ 80 ካለ 2,090 በ80 ተባዝቶ ለ82 ሲካፈል 2,039 ይሆናል። ይህን ያህል ስታርሙ ግን ልኬታችሁ ላይ ስህተት ስላለ ጎማውን እንደገና ለኩ።

ከሥራው በኋላ የኤቢኤስ መብራት ከበራ ፕሮግራሙን አትወቅሱ። የአክስል ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ የጎማ ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ይጎዳል፤ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ደግሞ የተማረው የማርሽ ልማድ ተሰርዞ እንዲጀምር ማድረግ አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር እስኪነዳ ማርሹ ሻካራ ቢሆን አትደንግጡ።

አንዳንዱ ኮምፒውተሩ አንዴ ከተከፈተ ፋብሪካው ያስቀመጠው የፍጥነት ገደብም ይነሣልኝ ይላል። አይነሣ። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ረጅሙ ዘንግ በአሮጌው ጥርስ በደቂቃ 5,280 ጊዜ ገደማ ነበር የሚዞረው፤ በአዲሱ ግን ወደ 5,950 ይደርሳል። ዘንጉ የማይችለው ዙር ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሰበርም ይችላል። ገደቡ የተቀመጠው ለዚህም ጭምር ነው።

አዲሶቹ ጥርሶች እስኪላመዱ ድረስ መጀመሪያ 15 ወይም 20 ደቂቃ በዝግታ ንዱና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዙ፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ጭነት ይዛችሁ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ዳገት አትውጡ፤ ሙቀቱ ጥርሱን ያቃጥለዋል። 800 ሲሞላ ዘይቱን ቀይሩ፤ አሁን ኪሎ ሜትሩ በትክክል ስለሚቆጠር 800 የሚለው ቁጥር በእርግጥም 800 ነው።